ሚኪ ሊላንድ፤ ረቂቅ ሕግ ማሳለፍ የማይችል ኮሚቴ የመራው እንደራሴ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ በሰሌዳው ስም አይጠራም። «አትላስ ጋ ወርደህ»፣ «መድኃኔዓለምን አለፍ ብለህ» ይባላል እንጂ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሚያነበው ካርታ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው። ቦሌ አካባቢ በሚኪ ሊላንድ ስም የተሰየመ መንገድ መኖሩን በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስሙን የሚያውቁት፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ «በደርግ ጊዜ ወደ ጋምቤላ ሲሄድ በአውሮፕላን የሞተው ጥቁር አሜሪካዊ» ብለው ያስታውሱታል።

አሟሟቱ ሥራውን ጋርዶታል። ሊላንድ ከ16 ዓመት በላይ ሕግ አውጪ ነበር፤ ስድስቱን ዓመት በቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት፣ ቀሪውን በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት። እኔን የሚያጓጓኝ ይህ ሥራው ነው። ከ435 እንደራሴዎች አንዱ የሆነ ሰው እህል የለው፣ ካዝና የለው፣ ጦር አያዝ፣ ሚኒስትር አይሾም። ሌላ አህጉር ላይ ስላለ ረሃብ ምን ማድረግ ይችላል? በዚያ ላይ እሱ የሚመራው ኮሚቴ በደንቡ አንዲት ረቂቅ ሕግ እንኳ መርቶ ለምክር ቤቱ ማቅረብ የማይፈቀድለት ነበር።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ። ሁለተኛ፣ ሰውየውን አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር። አፍሮውን አጎፍሮ፣ ዳሺኪ የሚባለውን ሰፊ የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው አንጠልጥሎ ምክር ቤት ስለገባ ወጣት ስጽፍ ግን አንቱታው አልመጣልኝ አለ። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ፊፍዝ ዋርድ

ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሊላንድ ሦስተኛ ነው። «ሚኪ» ያሉት በእናቱ ወገን ያሉት አያቱ ናቸው። ኖቬምበር 27 ቀን 1944 ቴክሳስ፣ ለበክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ እናቱ እሱንና ወንድሙን ይዛ ወደ ሂውስተን መጣች። የገቡበት ሰፈር ፊፍዝ ዋርድ ይባላል፤ ያኔ ጥቁሮችና ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች ተጎራብተው የሚኖሩበት ድሃ ሰፈር ነበር። እናቱ መድኃኒት መደብር ውስጥ ካለ ምግብ ቤት እያበሰለች፣ ጎን ለጎን ተምራ አስተማሪ ሆነች። ሊላንድ ስፓኒሽ ይናገር ነበር፤ ይህ ቋንቋ በኋላ እንዴት እንደጠቀመው እመለስበታለሁ።

በ1963 ፊሊስ ዊትሊ ከሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከእሱ አሥር ዓመት ግድም ቀደም ብላ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣች ባርባራ ጆርዳን የምትባል ልጅ ነበረች። እሷም የሰፈሩ ልጅ ናት።

ከዚያ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፋርማሲ አጠና፤ በ1970 ተመርቆ እዚያው ለጥቂት ጊዜ አስተማረ። ያ ጊዜ የነውጥ ጊዜ ነበር። ሊላንድም ራሱን አብዮተኛ ብሎ የሚጠራ፣ ሰልፍ የሚወጣ፣ ከፖሊስ ጋር የሚጋጭ ወጣት ነበር። የእኛ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ቢያገኙት ወዲያው ይግባቡ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሆኖም ከመፈክሩ ጎን አንድ እጅ የሚይዝ ሥራ ነበረው፤ በድሃ ሰፈሮች ነጻ የሕክምና አገልግሎት ማደራጀት። የደም ግፊት መለካት፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ መጠየቅ፣ ለምን እንዳቋረጠ መስማት። ያቋረጠበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ነው።

ሌላው ለእሱ ወሳኝ የሆነ ሰው ጆን ደ ሜኒል ነው። ፈረንሳይ ተወልዶ ሂውስተን የከተመ፣ ሽለምበርጀ በሚባለው የነዳጅ አገልግሎት ኩባንያ ሀብት ያፈራና የሥነ ጥበብ ስብስብ የነበረው ሰው ነው። ወጣቱን ወደደውና ወደ አፍሪካ እንዲሄድ አደረገው። ሊላንድ ለሦስት ሳምንት ብሎ የሄደበት ታንዛኒያ ሦስት ወር ቆየ፤ የት እንደገባ ዘመድ ወዳጁ አያውቅም ነበር። በእንደራሴነት ዘመኑ ሁሉ የተከተለው ልማድ ከዚህ የጀመረ ይመስለኛል፤ በሪፖርት ያነበበውን ሄዶ ካላየ አይረካም።

በየሁለት ዓመቱ 140 ቀን

የቴክሳስ ሕግ አውጪ አካል ለማያውቀው ሰው ግራ ያጋባል። መደበኛ ጉባኤው በየሁለት ዓመቱ ነው የሚሰበሰበው፤ እሱም ቢበዛ ለ140 ቀን። ከ1975 ወዲህ የእንደራሴው ደመወዝ በዓመት 7,200 ዶላር ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ማለት ሌላ እንጀራ የሌለው ሰው እንደራሴ ሆኖ መኖር አይችልም። ጠበቃ፣ የከብት እርባታ ባለቤት፣ የኢንሹራንስ ሰው ይበዛበታል።

ለጥቁሮች ደግሞ ሌላ አጥር ነበረ። ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ እንደራሴዎቹን የሚመርጠው በሰፊ ክልል ስለነበር የአንድ ሰፈር ድምፅ በብዙኃኑ ነጭ መራጭ ይዋጥ ነበር። በ1972 ምርጫ ካውንቲው እያንዳንዳቸው አንድ እንደራሴ በሚልኩ ክልሎች ተከፋፈለ። በዚያ ላይ ከአንድ ዓመት በፊት ሻርፕስታውን በሚባል የባንክና የአክሲዮን ቅሌት ብዙ ነባር ፖለቲከኞች ተዋርደው ስለነበር መራጩ አዲስ ፊት ይፈልጋል። ሊላንድ የገባው በዚህ በር ነው። ጃንዋሪ 1973 ሥራ የጀመረው የቴክሳስ ምክር ቤት 150 አባላት ነበሩት፤ ጥቁሮቹ ስምንት ነበሩ። ከነሱ መካከል ክሬግ ዋሽንግተን፣ ሴንፍሮኒያ ቶምሰንና በኋላ ለ30 ዓመት በኮንግረስ ያገለገለችው ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ይገኙበታል።

መጀመሪያ ላይ ልብሱ ነው የተወራው። ዳሺኪውና አፍሮው በካውቦይ ባርኔጣ መካከል እንዴት እንደታየ መገመት አያዳግትም። ይህን እንደ ጉራ የሚያዩት ነበሩ፤ እኔ ግን እንደ መጀመሪያ ሙከራ ነው የማየው። ድምፅ የሌለው አንድ አዲስ እንደራሴ ቢያንስ እንዲታይ ማድረግ ይችላል። ችግሩ መታየት ብቻውን ረቂቅ አያሳልፍም። ሊላንድ ይህን ቶሎ ተረዳ፤ ከወግ አጥባቂ ገበሬዎችና ከነዳጅ ሰዎች ጋር ተቀምጦ መደራደር ተማረ። በምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ ገባ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በበጀት ሲለያዩ ወደሚያስታርቀው የጋራ ኮሚቴም የተላከ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፣ የእስር ቤት ማሻሻያ የጋራ ኮሚቴውም ምክትል ሊቀ መንበር ነበር። በ1974 የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ለመለወጥ በተጠራው ጉባኤም ተቀምጧል፤ ጉባኤው ወራት ፈጅቶ በሦስት ድምፅ ጉድለት ባዶ እጁን ተበተነ። ሦስት ድምፅ! ሕግ ማውጣት ማለት ቆጠራ መሆኑን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

በኦስቲን፣ በቴክሳስ ዋና ከተማ፣ ከሠራው እኔ የምመርጠው ግን የጄኔሪክ መድኃኒት ጉዳይን ነው። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ሐኪሙ አንድን መድኃኒት በንግድ ስሙ ካዘዘ ፋርማሲስቱ ያንኑ ስም ያለውን ብቻ መስጠት ነበረበት። መደርደሪያው ላይ ያው ንጥረ ነገር፣ ያው መጠን፣ በሌላ ፋብሪካ ተሠርቶ በረከሰ ዋጋ ተቀምጦ ቢያየውም መለወጥ ክልክል ነው። በሽተኛው ልዩነቱን ስለማያውቅ ውዱን ይገዛል፤ ወይም ዋጋውን ሰምቶ ሳይገዛ ይመለሳል። ሊላንድ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በፊፍዝ ዋርድ ቤት ለቤት ሲዞር ያየው ነው። ፋርማሲስት ስለነበረም የኩባንያ ተወካይ መጥቶ «አይመሳሰሉም» ቢለው ኬሚስትሪውን ቆጥሮ መመለስ ይችላል። በጄኔሪክ መተካትን የሚፈቅደው ሕግ እንዲያልፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሕጉ በግዛቲቱ በጀት ላይ ይህን ያህል ሸክም አልጣለም። የጨመረው ምርጫ ነው፤ የቀነሰው የአንዳንድ ኩባንያዎችን ትርፍ ነው። በአገራችን መድኃኒት ቤት ቆሞ «የጀርመኑ ይሻልሃል ወይስ የሕንዱ?» ለተባለ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም።

የጆርዳን ወንበር

ከላይ ያነሳኋት ባርባራ ጆርዳን በ1966 ለቴክሳስ ሴኔት ተመርጣ፣ በ1972 ደግሞ ከሂውስተን 18ኛው የምርጫ ክልል ወደ ኮንግረስ ገብታ ነበር። ከደቡብ ግዛቶች ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ1978 በቃኝ ብላ ስትወጣ ወንበሩን የሚፈልግ ሰው አልጠፋም። ሊላንድ በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ሁለተኛ ዙር ድረስ ሄዶ አሸነፈ፤ ክልሉ የዴሞክራት ስለሆነ ዋናው ምርጫ ያን ያህል ፈተና አልነበረውም። ጃንዋሪ 1979 ዋሽንግተን ገባ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በፍጥነት ላልፋቸው። በንግድና ኢነርጂ ኮሚቴ፣ በፖስታና ሲቪል ሰርቪስ ኮሚቴ፣ የዋሽንግተን ከተማን አስተዳደር በሚመለከተው ኮሚቴ ሠርቷል። የነዳጅ ከተማ እንደራሴ ስለሆነ የኢነርጂ ኮሚቴው ወንበር ለምርጫ ክልሉ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቤቱን የዘነጋ እንደራሴ ሩቅ አገር ቢሄድ መመለሻ ወንበር አያገኝም። በቴሌቪዥንና በኬብል ኩባንያዎች ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች በሥራም በባለቤትነትም እንዲገቡ ይወተውት ነበር። በ1985 እና 1986 የጥቁር እንደራሴዎች ኅብረት ሊቀ መንበር ሆነ፤ በደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ የጣለው ሕግ ፕሬዚዳንት ሬጋን ውድቅ ቢያደርገውም ኮንግረስ በድጋሚ ድምፅ ያጸደቀው በዚያ ጊዜ ነው።

አንዷን ትዕይንት ግን አልዘላትም። የምርጫ መብት ሕጉ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ ለማያውቁ ዜጎች የድምፅ ወረቀት በቋንቋቸው እንዲዘጋጅ የሚለው አንቀጽ ይቅር የሚሉ ነበሩ። ሊላንድ ተነሥቶ በስፓኒሽ መናገር ጀመረ። አዳራሹ ግራ ተጋባ፤ ተቃውሞም ተነሣ። የሚላቸው ግን ይህ ነበር፦ እናንተ አሁን የምለውን እንዳልተረዳችሁ ሁሉ በምርጫ ጣቢያ ቆመው የተሰጣቸውን ወረቀት የማይረዱ ዜጎች አሉ። ንግግሩን ተርጓሚ ሊያብራራው ይችል ነበር። እሱ ግን ሰሚውን ራሱን ችግሩ ውስጥ አቆመው። ያው የኦስቲኑ ሙከራ ነው፤ አሁን ግን መታየቱ ከክርክሩ ጋር ተጋብቷል።

እጅ የሌለው ኮሚቴ

በ1984 መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴን አቋቋመ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሊላንድና ቤን ጊልማን የሚባል የኒውዮርክ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ሊላንድ ሊቀ መንበር ሆነ።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ነገር ካልተረዳን የሚቀጥለው ሁሉ አይገባንም። በአሜሪካ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ረቂቅ ሕግ ይመራላቸዋል፣ ያርሙታል፣ ለድምፅ ያቀርቡታል። ልዩ ኮሚቴ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ሥልጣን የለውም። ምስክር ጠርቶ መስማት፣ ማጥናት፣ ሪፖርት ማውጣት ይችላል፤ በቃ። የምግብ ዕርዳታ ሕጎች በግብርና ኮሚቴና በውጭ ጉዳይ ኮሚቴ እጅ ናቸው፤ ገንዘቡ በበጀት ኮሚቴ። ለውጭ አገር የሚሰጠው እህል ዋና መሠረት በ1954 የወጣው ሕግ 480 ነው፤ የኛ ሰው «የአሜሪካ ስንዴ» ሲል የሚያውቀው ማለት ነው። ያ ሕግ ደግሞ ረሃብተኛን ብቻ ሳይሆን ትርፍ ምርት የተከመረበትን የአሜሪካ ገበሬም እያየ የወጣ ነው። እንግዲህ ሊላንድ የተሰጠው አፍና ጆሮ ነው፤ እጅ አልተሰጠውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓለምን አስደነገጠ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ ለለጋሾች ሲጮህ ነበር፤ ሰሚ የተገኘው ግን ኦክቶበር 1984 የቆረም ምስል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። በዋሽንግተን የነበረው ክርክር ቀላል አልነበረም። ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ነው፤ የምሥረታውን አሥረኛ ዓመት በድግስ ካከበረና ኢሠፓን ካወጀ ሳምንታት አልፈውታል። እህሉ ለጦሩ ቢውልስ? ለሰፈራው ማባበያ ቢሆንስ? የሬጋን መንግሥት የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም የሚለውን አባባል ይዞ መርዳቱን መረጠ፤ ስንት ይሰጥ፣ በማን በኩል ይሂድ የሚለው ግን አከራካሪ ሆኖ ቀጠለ። ስለ ሰፈራው የተነሣው ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም። ወደ 600,000 ሰው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ መጓዙን፣ ብዙው በግድ መሆኑን እኛ እናውቃለን።

ሊላንድ ባልደረቦቹን ይዞ መጥቶ አየ። ሱዳን ውስጥ በነበረ የስደተኞች ጣቢያ የገጠመውን ደጋግሞ ይናገረው ነበር። አንዲት አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ተኝታለች። ስለ እሷ ሊጠይቅ ወደ ሐኪሙ ዞር አለ፤ መልሶ ሲያያት ሞታለች። ፊቷ በየቀኑ እንደሚታየው ይናገር ነበር። ይህን ታሪክ በፋይል ከተጠረዘ ሪፖርት ጋር እናወዳድረው። ሪፖርቱን አንብበው ድምፅ የሚሰጡ እንደራሴዎች ጥቂት ናቸው፤ ልጅቷን ግን ያልሰማ አልነበረም።

ሕጉ ራሱ እንዴት እንዳለፈ ማየት ይጠቅማል። በ1985 መጀመሪያ የአፍሪካ ዕርዳታው በዕዳ ለተያዙ የአሜሪካ ገበሬዎች ከሚሰጥ ብድር ጋር ተቆራኝቶ በአንድ ረቂቅ አለፈ። የእርሻ ግዛቶች እንደራሴዎች ድምፅ የሚገኘው እንደዚያ ነውና። ሬጋን በማርች ወር የገበሬዎቹን ብድር ስላልወደደው ረቂቁን እንዳለ ውድቅ አደረገው። እህሉ የሚጠበቀው ወሎና ትግራይ ላይ ነው፣ የታሰረው ግን በአዮዋ ገበሬ ዕዳ ነው። ከዚያ የአፍሪካው ለብቻው ተለይቶ እንደገና ቀረበና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕግ ሆነ፤ ለምግብና ለሌላ ሰብአዊ ዕርዳታ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበ። የሊላንድ ኮሚቴ ረቂቁን አላረመም፣ አልቻለምም። ግን ምስክሮቹን ጠርቷል፣ ጉዳዩን በየጋዜጣው አቆይቷል፣ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ከቋሚ ኮሚቴዎቹ ሰዎች ደጅ አልጠፋም። ሥልጣን ያላቸው የሌሎች እጆች እንዲንቀሳቀሱ ማድረግን ከኦስቲን ተምሮት ነበር።

በቤቱ በኩል የሚያጉረመርም አልጠፋም። የፊፍዝ ዋርድ ልጅ እየተራበ አንተ አፍሪካ ምን ትሠራለህ ይሉታል። እሱም የአገሬ ዜጋ የመሆኔን ያህል የዓለምም ዜጋ ነኝ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ጥሩ ንግግር ነው፤ ለእኔ ግን ከንግግሩ የሚበልጠው ኮሚቴው የአገር ውስጡንም ረሃብ አለመዘንጋቱ ነው። የሕፃናት ሞት፣ የነፍሰ ጡር እናቶች ምግብ፣ ቤት አልባዎች በምስክር መድረኮቹ ተነሥተዋል። ስለ አፍሪካ ምግብ ከሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ጋር፣ ስለተለያዩ የኩባ ቤተሰቦች ከፊደል ካስትሮ ጋር ተነጋግሯል። ከሠፈሩ የሚመጡ ወጣቶችን እስራኤል ኪቡትስ ወደሚባለው የጋራ እርሻ መንደር ልኮ የሚያስከርም ፕሮግራምም አቋቁሟል። ካስትሮ ዘንድ መሄዱን ብዙዎች አልወደዱለትም። እኔም ከአምባገነን ጋር ፎቶ መነሣት ዋጋ የለውም አልልም፤ ለባለ ፎቶው አምባገነን ጠቃሚ ነው። ሆኖም እህሉ የሚያልፈው በአሰብ ወደብና በደርግ ኬላ ከሆነ ከደርግ ጋር ሳይነጋገሩ የሚያሳልፍ ዘዴ የነበረው ሰው አላየሁም።

ነሐሴ 1

ኦገስት ላይ ኮንግረስ ለዕረፍት ይበተናል። አብዛኛው እንደራሴ ወደ ምርጫ ክልሉ ይሄዳል። ሊላንድ በ1989 እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

ጊዜው ለእኛም ክፉ ነበር። ጄኔራሎቹ የሞከሩት የግንቦት 8 መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ጦሩ ትግራይን ለቅቆ ወጥቷል። አሜሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ከ1980 ጀምሮ አምባሳደር አልነበራትም፤ ኤምባሲውን የሚመራው ጉዳይ ፈጻሚ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በኢታንግ፣ በዲማና በፉኝዶ ተጠልለዋል። በፉኝዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ያለ ወላጅ፣ በእግራቸው በረሃና ወንዝ አቋርጠው የመጡ ነበሩ። ሊላንድ ሊያይ የፈለገው እነሱን ነው።

ሰኞ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ የተያዘበት ዕለት፣ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰው ጭኖ ከቦሌ ተነሣ። ዘጠኙ አሜሪካውያን ናቸው፤ ሊላንድና የኮንግረስ ሠራተኞች፣ አንድ የኒውዮርክ በጎ አድራጊ፣ የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የኤምባሲው ሰዎች። ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አብራሪዎቹም ከእነሱ ናቸው። ክረምቱ በደቡብ ምዕራብ ደጋ ላይ ከብዶ ነበር። አውሮፕላኑ ፉኝዶ አልደረሰም።

ከዚያ ለስድስት ቀን ጠፋ። ፍለጋው ራሱ የዘመኑን ፖለቲካ የገለበጠ ነበር፤ በሶቪየት መሣሪያ የሚዋጋው መንግሥት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሰማዩን እንዲያስሱ ፈቀደ። ነሐሴ 7፣ እሑድ፣ ስብርባሪው በጋምቤላ አቅጣጫ ካለ ተራራ ላይ ተገኘ። አንድም ሰው አልተረፈም።

በአሜሪካ ስለዚህ አደጋ ሲጻፍ በርዕሱ ላይ ያለው ሊላንድ ነው፤ ቀጥሎ ስምንቱ ይዘረዘራሉ፤ ሰባቱ ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይታለፋሉ። የእንግዳ ታሪክ ስለሆነ ነው ቢባል ይገባኛል። እኛ ጋ ግን በመንገዱ ስም ላይ እንኳ እነሱን የሚያስታውስ ነገር የለም፤ ያ ደግሞ የእነሱ ሳይሆን የእኛ ጉዳይ ነው።

ሊላንድ 44 ዓመቱ ነበር። በ1983 ያገባት ባለቤቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። መንትዮቹ ወንዶች ጃንዋሪ 1990 ተወለዱ፤ ትልቁ ወንድማቸው አባቱ ሲሞት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር።

ወንበሩና ኮሚቴው

በወንበሩ ላይ በማሟያ ምርጫ የተተካው ክሬግ ዋሽንግተን ነው፤ በ1973 አብሮት ኦስቲን የገባው። ከእሱ ሺላ ጃክሰን ሊ ተረከበችና እስክትሞት፣ እስከ 2024 ድረስ ቆየችበት። በሂውስተን የፌዴራል ሕንጻ፣ በዩኒቨርሲቲው የረሃብና የሰላም ጥናት ማዕከል፣ በአየር ማረፊያው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሚስተናገድበት ተርሚናል በስሙ ተጠርተዋል። ኮንግረስም በ1990 የእርሻ ሕግ ውስጥ የአገር ውስጥ ረሃብን የሚመለከተውን ክፍል፣ በ1993 ደግሞ ለድሃ ቤተሰቦች የምግብ ድጎማን ያሻሻለውን ሕግ በእሱ ስም ሰየመ። በሕይወቱ ረቂቅ ማሳለፍ ያልተፈቀደለት የኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሞተ በኋላ ሁለት ሕግ ስሙን ተሸከሙለት።

የፉኝዶ ልጆች በ1991 ደርግ ሲወድቅ በክረምቱ ጊሎ ወንዝን ተሻግረው እንደገና ተሰደዱ፤ ብዙዎቹ ወንዙ ውስጥ ቀሩ። የተረፉት ኬንያ፣ ካኩማ ገቡ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከእነሱ ከ3,500 በላይ የሚሆኑት ወደ አሜሪካ ተወሰዱ።

ኮሚቴው ወደ ኦሃዮው እንደራሴ ቶኒ ሆል ተላለፈ። ሆል ሃይማኖተኛና ቅን ሰው ነው፤ የሊላንድን ያህል ግን አዳራሽ የሚያናውጥ አልነበረም። በ1993 ምክር ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ልዩ ኮሚቴዎቹን ዘጋ፤ የረሃቡም አብሮ ተዘጋ። ሆል በኤፕሪል ወር ምግብ አቆመ። ለ22 ቀን ውኃ ብቻ እየጠጣ ጾመ፤ ከፍልሰታ በሰባት ቀን ይበልጣል። ክርክሩ ያለቀበት ሰው የቀረውን ሥጋውን አቀረበ ማለት ነው፤ ከሊላንድ የተማረው ይመስለኛል።

ኮሚቴው አልተመለሰም። በምትኩ የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል የሚባል ከመንግሥት ውጭ የሆነ ድርጅት ተቋቋመ። ከሚያሠለጥናቸው ወጣቶች መካከል ወደ ውጭ አገር የሚላኩት በሊላንድ ስም ይጠራሉ። ሥልጠናው ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ረሃቡ ባለበት አገር፣ ከሰዎቹ ጋር ይሠራሉ፤ ፖሊሲ ወደሚወጣበት ቢሮ የሚገቡት በሁለተኛው ነው።